የሜትሩ ዋስ

መንግሥት ማለት ሕዝብ፣ ግዛት፣ አስተዳደርና ሉዓላዊነት ነው እያልኩ ቢቸና ላይ ስምንተኛ ክፍልን ሳስተምር አራቱንም በጣቶቼ እቆጥር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አገልግሎት ሲልከኝ የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያ ደብተሬን እንደ ዳዊት ታቅፌ መጣሁ። የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሞጣ የሄድኩት ሜትር ፍለጋ ነው። ለተማሪዎቼ የመረብ ኳስ ሜዳ ላሰምር ፈልጌ፣ እዚያ የሚያስተምር ጓደኛዬ ሃምሳ ሜትር የሚረዝም መለኪያ አዋሰኝ። ያን ሰሞን አዲሱ የእርሻ ግብር ወጥቶ ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ በየመንገዱ ዘብ አቁሟል። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከእኔ ሜትር ጋር ግን አላገናኘሁትም። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።

ደብረ ወርቅን አልፌ፣ ቢቸና ለመድረስ የሦስት ሰዓት መንገድ ሲቀረኝ፣ አምስት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከገደሉ ወርደው አስቆሙኝ። ቦርሳዬን ከፈቱት። ጓዴ የሚባለው ጎረምሳ ሜትሩን ጫፉን ይዞ ሲጎትተው መንገዱ ላይ ተዘረጋ፤ አላልቅ አለ። ጓዴ ምንሽሩን አቀባበለ። ለኳስ ሜዳ ነው አልኳቸው። ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ወሰዱኝ። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። የመንግሥትን ጭቃ ሹም ካባረሩ በኋላ ራሳቸው የመረጧቸው ዳኛ አያ ገላው ይባላሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንኩ፣ ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ጓዴ ከለቀቅነው ወታደር ይዞብን ይመጣል፣ እዚሁ ይገደል አለ። ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅም። ስለ ሥልጣንና ስለ ኃይል ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ።

ይሄኔ ወይዘሮ ስሜነሽ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ወደ ሞጣ ስሄድ መሽቶብኝ ቤታቸው ያሳደሩኝ ባልቴት ናቸው። ያን ቀን ቦርሳው ውስጥ ከደብተር በቀር ምንም እንዳልነበረ፣ ለኳስ የሚሆን ገመድ ላመጣ ነው ብዬ ማታውን እንዳጫወትኳቸው ተናገሩ። የሚያምናቸው እንደሌለ ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፉ።

«በርስቴ ዋስ ነኝ» አሉ።

አያ ገላው የሚሉትን ያውቁት እንደሆነ ደጋግመው ጠየቋቸው። ያውቁታል። ፍርዱ ተሰጠ፦ ቢቸና ሄጄ አስተማሪ መሆኔን፣ ሜትሩም ለኳስ ሜዳ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አመጣለሁ። ካላመጣሁ የወይዘሮ ስሜነሽ መሬት ለሌላ ይሰጣል፤ ከሰንበቴ ይወጣሉ፤ እሳት የሚያቀብላቸው፣ ለቅሶ የሚደርስላቸው አይኖርም። ሜትሩ እዚያው ቀረ።

ዲሬክተራችን አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ጠንቃቃ ናቸው። ብዕራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «በማኅተም ከጻፍኩላቸው፣ መንግሥት ናችሁ ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው» አሉኝ። የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነው፤ «እውቅና» በሚለው ርዕስ ሥር በእኔው ደብተር ላይ ተጽፏል። ወዲያው የፖሊስ መቶ አለቃው አስጠርቶ ማን ማን እንደነበረ ጠየቀኝ። ከፍርሃት የተነሣ ፊታቸውን አላየሁም አልኩት። ከከተማው እንዳልወጣ አዘዘኝ።

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ወይዘሮ ስሜነሽን ዋስ ሁኑልኝ አላልኳቸውም። ዘመዴ አይደሉም። የፈረምኩት ውል የለም። ምሳ እየበላሁ ይህን ሳስብ ራሴን ተጠየፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ሰው ለመንግሥት የሚታዘዘው ለምንድን ነው?» የሚል ፈተና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና፣ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ሲደፉ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ፖሊስ ጣቢያውን ለመሸሽ ስዞር ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ። ከከተማው እንደራቅሁ ሮጥኩ። ዋርካው ስር ስደርስ ሰዓቴ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ሁሉም ተሰብስበዋል። ወይዘሮ ስሜነሽ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ማንም የለም። ቀና ብለው አላዩኝም።

ደብዳቤ እንዳላመጣሁ ተናገርኩ። ለምን እንደተከለከልኩ፣ ዲሬክተሩ መንግሥት ያደረጓችሁ እንዳይመስልባቸው ፈርተው ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ከከተማ እንዳልወጣ ታዝዤ እንደነበርም ጨመርኩ። ጓዴ ምንሽሩን አቀባብሎ ተነሣ። አያ ገላው በእጃቸው አስቀመጡት።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«የመንግሥት ሰው ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር» አሉ።

ጓዴ ጥይቱን ከምንሽሩ አወጣ። አርባው ሰው ሁሉ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ደመወዜን ከመንግሥት የምቀበለው እኔም አብሬያቸው እየነቀነቅሁ እንደነበር ያወቅሁት፣ ወይዘሮ ስሜነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሲያዩኝ ነው።