ብዙ ማለት ስንት ነው

አድማሴን የሰደበው መሪጌታ ዕንባቆም ነው። ቀኑ ኅዳር 12፣ 2003 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የሚካኤል ዕለት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ቦታው አምባ ጊዮርጊስ፣ የአያ ክንዱ ተዝካር የተበላበት ዳስ፣ ከምሰሶው በስተግራ ሦስተኛው አግዳሚ። ጠላው ሁለተኛ ዙር ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ አድማሴ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ይዞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ ከጎንደር ተጠርቶ መጥቶ ከካህናቱ ጋር በግእዝ ሲጫወት፣ አድማሴ ከወሬው መሀል “ጼው” የምትል አንዲት ቃል ጆሮው ገባች። እሱ ገበያ ላይ ጨው ሻጭ ነው። በልጅነቱ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ጀምሮ፣ እኩሌታው ላይ አባቱ ሲሞትበት ወደ ሞፈሩ የተመለሰ ሰው ነውና ቃሏ የጠፋች ዘመዱን መሰለችው። ከአግዳሚው ብድግ ብሎ፣ “መሪጌታ፣ ጼው ማለት ጨው ነው ወይ?” ሲል ጠየቀ።

መሪጌታ ጢሙን እየደባበሰ ዞር አለ። “ጨዋ ጨውን ይሽጥ፤ ጼውን ለእኛ ይተው።”

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤት ጨዋ ቢልህ አመሰገነህ ማለት ነው፤ የቤተ ክህነት ሰው ጨዋ ካለህ ግን ፊደል ያልዘለቀው ማለቱ ነው። አድማሴን ከሁሉ ያንገበገበው ደግሞ ግምቱ ልክ መሆኑ ነበር። ጼው ጨው ነው። ይህንን ከዓመታት በኋላ በሬዲዮ ሰማና ሦስት ቀን እህል አልበላለት አለ።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አድማሴ ማንንም ምንም ላይጠይቅ ማለ። መናኸሪያ ቆሞ ይህ ማኪና ወዴት ነው አይልም። አንድ ጊዜ አዘዞ ሊወርድ ተሳፍሮ፣ መውረጃው የት እንደሆነ ላለመጠየቅ ሲል እንፍራንዝ ድረስ ሄደ። እዚያም ጉዳይ እንዳለው ሰው ገበያውን ሲዞር ውሎ ተመለሰ። ለሚስቱ ለዓይናዲስ የነገራት፣ የእንፍራንዝ ሽንኩርት ሸጋ መሆኑን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። በሰኔ ራሱን እየፈለጠው፣ ዓይኑ ላይ ብልጭ ድርግም እያለበት ሲቸገር ዓይናዲስ እየጎተተች ጎንደር አወረደችው። ክሊኒኩ ውስጥ ምስጢር የምትባል ወጣት ሐኪም ክንዱን ጠፍራ ለካችው። ግፊት ነው አለች። ጠዋት ጠዋት የምትዋጥ፣ ሽንት የምታስወጣ ክኒን ሰጠችውና፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ውሃ በብዛት እንዲጠጣ መከረችው። “ገባዎት አባባ?” አለችው። ብዙ ማለት ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ቆመ። ዋጠው። “ገባኝ” አለ።

ቀንስ የተባለ ሰው ስንት ላይ እንደሚያቆም ካላወቀ ባዶው ላይ ያቆማል። አብዛ የተባለ ሰው ደግሞ ማቆሚያም የለው። አድማሴ ከወጡም ከቆሎውም ጨው የተባለን አስወጣ። ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ገበያ ይዞ እየወረደ፣ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ሁለት ጊዜ አንጠፍጥፎ ይጠጣታል። ዓይናዲስ አይታ አይታ፣ “ምነው አንተ ሰውዬ፣ በሬም እኮ ጠጥቶ ቀና ይላል” አለችው። እሱ ጀሪካኗን እንደገና አነሣ።

ሐምሌ ሲገባ የወገራ ጉም ወርዶ ገበያው ላይ ተኛ። አድማሴ ከጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጦ ሲያየው፣ ገዢው ሁሉ በቁርጥራጭ ነበር የሚመጣ። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ከዚያ እጁ፣ ፊቱ ደግሞ ቆይቶ። አንዳንዱ ፊቱ ሳይደርስ ጨውን ተቀብሎ ይመለሳል። አድማሴ አልደነቀውም። ራሱን ደስ የሚል ቅልል ቅልል ይለው ጀምሯል። እግሮቹ መሬት አይነኩም። በጣሳ ሰፍሮ ሲሰጥ ጨው የሚጎድለው ከጆንያው ሳይሆን ከገዛ አጥንቱ መሰለው፤ አጥንቶቹ እንደ ዱሮ አሞሌ ጨው ተደርድረው፣ ጠርዝ ጠርዛቸው በውሃው እየሟሟ።

ጨው የሚመጣበትን ሐይቅ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ራሱ መጣለት። ነጭ፣ ዝም ያለ ውሃ በገበያው አደባባይ ሞላና ከጆንያዎቹ ሥር ቆመ። ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው በላዩ ይሄዱበታል፤ ኮቴያቸው አይሰማም። በጎቹ ተንሳፍፈው ያልፋሉ። ሽንኩርት ሻጯ ከወዲያ ማዶ ስሙን ጠራችው፣ ስሙም በውሃው ላይ እየተንከባለለ መጥቶ ጉልበቱ ሥር ቆመ። አንስቶ ሊያየው ጎንበስ አለና እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ እንደ ልማዱ ቂሙን ፈለገ። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሣ ጫማውን እንደሚፈልግ፣ አድማሴም የሚነሣ ቂሙን ዳብሶ ነበር። ኅዳር 12 ይሁን 21 ተምታታበት። ሚካኤል ይሁን ጽዮን። አግዳሚው አለ፤ ተቀማጮቹ የሉም። ሳቁ አለ፤ የሳቀው አፍ የለም። አህያው የተራገፈለት ሰው ያህል ትከሻው ቀለለውና፣ እንዲህም መኖር አለ ለካ ብሎ ሌላ ጣሳ ውሃ ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናዲስ ወጥ እየወጣች፣ ባሏ ወሬዋን ሰምቶ ግማሽ ቀን በደስታ እንደሚፎልል እርግጠኛ ሆና፣ መሪጌታ ዕንባቆም ታሞ ጎንደር ተኝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ አለችው።

አድማሴ ፈገግ አለ። “ሸጋ ሰው ነው። እግዜር ይማረው።”

ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ባሏ መሪጌታን ሸጋ ካለ ሞት ደጅ ላይ ነው። ወጡን ከነእሳቱ ትታ፣ ጋቢውን በላዩ ጣል አድርጋ፣ እየደገፈች ከሚኒባስ ላይ አሳፈረችው። እስከ ጎንደር ድረስ ጉሙ በመስኮቱ እየገባ ጭኑ ላይ ይቀመጥበት ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ የቀረው አንድ አልጋ ነበር። ከጎኑ እግሩ እንደ ወይራ ግንድ ያበጠ ሽማግሌ ተኝቷል፤ መሪጌታ ዕንባቆም። ጨው ተከልክሎ ሳለ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ሲልስ የተያዘ በሽተኛ ነው። አድማሴ ግን አላወቀውም። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሐይቁ አወራለት፣ መሪጌታም መጀመሪያ ሲፈራ ቆይቶ፣ በኋላ ሲለምደው፣ በሕልሙ ሁልጊዜ ጨው የበዛበት ሽሮ እንደሚበላና ሊጎርስ ሲል እንደሚነቃ ነገረው። ሁለቱም ኮርኒሱን እያዩ ሳቁ።

የአድማሴ የደሙ ጨው አልቆ ነበር። ምስጢር ክኒኗን አስቆመች፣ ውሃውንም ከለከለች፣ በክንዱም የጨው ውሃ ጠብ ጠብ እንዲልለት አደረገች። በጠብታው ልክ ጉሙ ሳሳ። መጀመሪያ ምሰሶው ታየው። ቀጥሎ አግዳሚው፣ ሦስተኛው። ከዚያ ኅዳር 12። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀና ሲል፣ የሚያውቀው ጢም ከጎኑ ተጋድሟል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚያው ጉሙ ውስጥ መቅረት አማረው።

በሦስተኛው ቀን ምስጢር ልትሸኘው መጣች። በቀን ስንት ይጠጣ እንደነበር ስትሰማ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

“ምነው አባባ? ማን እንዲህ ጠጡ አለዎት?”

“ብዙ ብለሽኛል።”

“ታዲያ ብዙ ስንት ነው አይሉም?”

መሪጌታ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጆሮው ግን አልተኛም። አድማሴ ግድግዳውን አየ። ዓይናዲስ በሩ ላይ የእሱን ጫማ አቅፋ ቆማለች፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያላየ ዓይኗ ደም መስሏል። ሳይጠይቅ ከወጣ ነገ ወይ ወደ ግፊቱ ነው፣ ወይ ወደዚያ ወደሚጣፍጠው ሐይቅ። ከሐይቁ ደግሞ ሁለተኛ የሚያወጣው ላይኖር ይችላል።

“ብዙ ማለት ስንት ነው?” አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ምስጢር የሻይ ማንኪያ አምጥታ ጨው ሞላችበትና ቁልሉን በጣቷ ጠረገችው። ይኸው የቀኑ ሁሉ ነው አለችው፤ በሽሮው፣ በበርበሬው የገባው ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ከዚህ አይለፍ። ውሃው ስምንት ብርጭቆ፣ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ እንጂ በአንዴ የሚገለበጥ አይደለም። ቀንሱ ስል እስከዚህ ማለቴ ነበር፣ አልለካሁልዎትም፣ ጥፋቱ የኔም ነው አለች። አድማሴ አፉ አንዴ ከተከፈተ አይቀር፣ ሸክም ተሸክሜ ላብ ያጠመቀኝ ቀን ስንት ልጠጣ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሁለት ብርጭቆ ይጨምሩ አለችው። ክኒኗንም በሌላ ለወጠችለት።

ጋቢውን አጣፍቶ ሲነሣ መሪጌታ ዓይኑን ገለጠ።

“አድማሴ፣ ዕድሜህን ሙሉ በጣሳ ስትሰፍር ኖረህ ዛሬ በማንኪያ አስተማሩህ?”

ሳቅ ይሁን ናፍቆት፣ ከድምፁ አይለይም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አድማሴ ለዚህ አሥራ አንድ ዓመት የተሳለ መልስ ነበረው፤ አሁንም ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል። ራሱ ግን ገና ዳር ዳሩን ጉም አልለቀቀውም፤ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። አፉን ከከፈተ ቁጥሩ ይፈስበታል።

አንድ ማንኪያ፣ ጥርግ። ስምንት ብርጭቆ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በዓይናዲስ አጠገብ አልፎ ወደ መንገዱ ወጣ።