ክንፈ ጠማማዋ የሌሊት ወፍ

ኮሪን ፍሪጁን ለአምስተኛ ጊዜ ከፈተችው። ሊጡ እዚያው ነበር፤ ወዴት ይሄዳል? ቅቤ የበዛበት ሊጥ በደንብ ካልቀዘቀዘ ምድጃ ውስጥ ይዘረጋና በድመት ቅርጽ የተቆረጠውም በዱባ ቅርጽ የተቆረጠውም ኩኪስ አንድ ዓይነት ቂጣ ሆኖ ይወጣል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ያም ሆኖ በጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። ገና ነው።

ግሬታ ከትምህርት ቤት ልትመለስ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። አባቷ ሌላንድ ከወደብ ሥራው የሚገባው ሲመሻሽ ነው። የሰፈሩ ልጆች ለሃሎዊን በዓል ጭምብላቸውን አጥልቀው ለከረሜላ በር ማንኳኳት እስኪጀምሩ ድረስ ቤቱ የኮሪንና የግሬታ ብቻ ነው።

ኮሪን ሌላንድን ካገባች አራት ወሯ ነው። የልጅቱ እናት ኢንገር ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏል። የስምንት ዓመቷ ግሬታ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ታመሰግናለች፣ ሳህኗን ታነሳለች፣ ልክ እንደ እንግዳ። ኮሪንን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጅቱ ራሷ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ "የእማዬ የኩኪስ ሊጥ መቁረጫ ቅርጾች ናቸው። ለሃሎዊን አብረን እንሥራ?" አለቻት። ኮሪን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ይህች ቀን ከተበላሸች ሌላ እንደማትመጣ ሆዷ ነግሯታል።

አሁንም እግሯ አላርፍ አለ። የታጠቡትን ቅርጾች ደግማ አጠበች። የመንፈሱ ቅርጽ ደህና፣ የድመቷም ደህና። የቆርቆሮዋ የሌሊት ወፍ ግራ ክንፍ ግን ወደ ውስጥ ታጥፏል። "ምስኪን!" ብላ ከመሳቢያ ፒንሳ አወጣችና ክንፏን ቀጥ አደረገችላት። ጥሩ ሥራ የሠራች መስሏት ደስ አላት።

ግሬታ ደርሳ እጇን ታጠበች። ሊጡን ተራ በተራ ዳመጡት።

"ኮሪን፣ አፍንጫሽ ዱቄት ሆኗል።"

"ጭምብሌ ነው፤ አትንኪብኝ።"

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። እየሳቀች የሌሊት ወፏን አነሳች፣ ሊጡ ላይ ተጫነቻት፣ አነሳቻት። ሳቋ ቆመ።

"ይቺ የኛ አይደለችም።"

"የናንተው ናት። ክንፏ ታጥፎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያቃናሁት።"

"ማን አቃኚው አለሽ?"

ኮሪን መዳመጫውን አስቀመጠች።

"ሕፃን ሆኜ የተቀመጥኩባት እኔ ነኝ!" አለች ግሬታ። "አባዬ ሊያስተካክላት ሲል እማዬ፣ 'የግሬታ ቂጥ ማህተም ነው፣ ማንም እንዳይነካው' አለችው። በየዓመቱ ክንፈ ጠማማዋ ኩኪስ የኔ ናት!" በዱቄታም እጇ ዓይኗን ጠርጋ ሄዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኮሪን ግን የሚለቀም እንኳ አላገኘችም። ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው ተንቆራጠጠች። ፒንሳውን አነሳችና መልሳ ጣለችው። አንዴ የሰው ነገር የነካ እጅ ደግሞ ምን ሊነካ? ይቅርታ ልትል ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ጊዜ ግን ወንበር እየጎተተች ደረጃው ሥር አደረሰች፤ የሌሊት ወፏን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ በፎጣ ሸፈነቻት።

"ነይ ተቀመጪባት።"

"ምን?"

"ማህተሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባለቤቷ ደግማ ትምታው።"

ግሬታ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ አየቻት። ቀስ ብላ ወረደችና ተቀመጠች። ተነስታ ፎጣውን ገለጠች፤ ቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም።

"ያኔ ዳይፐር ነበረኝ፤ እሱ ከብዶ ይሆናል" አለች። ትንሽ አሰበች። "አንቺም ነይ።"

አንዲት ወንበር ላይ ተጠጋግተው እኩል ዘፍ አሉ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ግራ ክንፏ ታጥፏል፤ ቀኙም አብሮ ታጥፏል። ኮሪን አፏን በእጇ ያዘች።

"ዶሮ መሰለች" አለች ግሬታ።

በእሷው ሊጡን ቆርጠው ጋገሩ፤ ኩኪሶቹ ከምድጃ ወጥተው ሲበርዱ ጥቁር የስኳር ቅብ ቀቧቸው። ኮሪን ቅቡ ሳይደርቅ ነጭ ዓይን ልትጨምር ስትል ልጅቱ እጇን ያዘቻትና፣ "ይፈሳል! አንቺ ደግሞ ትንሽ ዝም ብለሽ ቆሚ" አለቻት። ኮሪንም ቆመች።

የመጀመሪያው የበር ደወል ተደወለ። ግሬታ ጭምብሏን አነሳች፤ ከመሄዷ በፊት ግን ዶሮ የመሰለችውን የወፍ ኩኪስ መሃል ለመሃል ሰበረቻት።

"ግራው የኔ ነው" አለች፤ ሌላውን ዘረጋችላት። "ቀኙን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ፤ ብዪው።"