የይመኙሻል ሳህን

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ጋቢውንም ሳብ አድርጉ። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ስለነበረ አንድ ሰው ላውጋችሁ።

ወልደአረጋይ ይባላል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ሞታበት፣ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶበት፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የገዛ ሳሉ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ግን ጎረቤቱ እትዬ ይመኙሻል ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ በሳህን ይዛለት ትመጣለች። አብራው ቁጭ ብላ እየበላች የሰፈሩን ወሬ ታወራለታለች። ሳምንቱን የሚገፋው በዚያች ሰዓት ነበር።

በአንድ ጥር ወር የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ለጤና ምርመራ ደም ሰጠ። ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የክሊኒኩ ነርስ፣ የአልዩ አምባዋ ሲስተር ሰሊሃ አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ደምዎ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሉት ስብ በዝቷል።»

«ልሞት ነው?»

«ኧረ አላህ አይበለው! አንድ ውጤት ፍርድ አይደለም። ግፊትዎ ደህና ነው፣ ስኳር የለብዎትም፣ አያጨሱም። ሲቆይ ግን የደም ሥር ያጠባል። ቅቤና ጮማ ይቀንሱና ከፋሲካ በፊት ደግመን እናየዋለን።»

የሥራ ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ «ጓድ ወልደአረጋይ! ለካ የባላባት ደም ደብቀህ ነው ከእኛ ጋር የምትሰለፈው!» እያሉ ሳቁበት። አፈረ። ለእትዬ ይመኙሻልም ሳይነግራት ቀረ። እሑድ ስትመጣ «ጠግቤያለሁ» አላት። በሚቀጥለው «ሆዴን አሞኛል» አለ። በሦስተኛው ሳህኗን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እጄ ቀፈፈህ?» ብላው ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ሁዳዴ ሲገባ፣ «እንግዲህ ቅቤ የለም፤ ሽሮም ቢሆን ይዛ ብቅ ትል ይሆናል» ብሎ በየእሑዱ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። የገባው ንፋስ ብቻ ነው።

ደሙን ደግሞ ሰጠ፤ ውጤቱ በሰሙነ ሕማማት መጣ።

«ጎሽ ጋሼ፣ ወርዷል!» አለችው ሰሊሃ። «ጾሙ ሳይረዳዎት አልቀረም። ሲፈስኩ ግን ልክ ይኑርዎት።»

ደስ ብሎት ወጣ። ግራና ቀኙን ቢያይ፣ ይህን ደስታ የሚነግረው ሰው አጣ። ፋሲካም ደርሷል፤ ከማን ጋር ሊፈስክ ነው? እያሰበ ሲሄድ እግሩ ይመኙሻል ቤት አደረሰው።

«እትዬ፣ ሐኪም ቅቤ ከልክሎኝ ነው። እጅሽንማ ማን ይጠላል!»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም? ያለ ቅቤ መሥራት የማልችል መሰለህ?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔስ ስንት እሑድ ብቻዬን በላሁ መሰለህ!» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ወልደአረጋይ እሷም ብቻዋን መሆኗን እስከዚያች ቀን አስቦት አያውቅም ነበር።

ልጆቼ፣ ሐኪም ቅቤ ተዉ ካላችሁ ተዉ። ሳህን ይዞ የመጣላችሁን ሰው ግን ምክንያቱን ሳትነግሩት አትመልሱት። ይህቺን አደራ ያዙልኝ።