ዲ ውስጥ የተገኙት የሠርግ ዘፈኖች

«ይኸው እየው! ኮምፒውተሩ ላይ ዲ የሚለውን ስከፍተው ዘፈን ነው፣ ዘግቼ ስከፍተው ያው ዘፈን ነው። የልጆቹ ውጤት የት እንደገባ እንጃ» አሉ እትዬ፣ ማውሱን ወዲያ ገፋ አድርገው።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ወንበር ስቦ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ይኼ ሦስተኛው መሥሪያ ቤት ነው። ሁሉንም በእግሩ አዳርሶ፣ እዚህ ደግሞ አራት ፎቅ ወጥቶ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። እንዲህ ለፍቶ ሲደርስ የጠበቀው ሠላሳ ሁለት የሠርግ ዘፈን ነው።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ እትዬ የሚላቸው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። የአሥራ አንድ ዓመት የተማሪ ውጤት ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ከሰኞ ጀምሮ ግን የውጤት ፕሮግራሙ «ፋይሉ የለም» ብሎ ድርቅ አለ። ሴትዮዋ ምን ያድርጉ? የወረቀቱን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርደው እንደ አዲስ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዲሬክተሩ ምን አሉ?»

«ምን ይላል! ‹ፋይሉን አጥፍታ ዘፈን ጫነችበት› ብሎ ለቦርዱ ሊጽፍብኝ ነው። ደብዳቤውን ስምንት ሰዓት ላይ ይፈርመዋል አሉኝ።» ነጠላ ጫማቸውን ጠረጴዛው ሥር በእግራቸው ፈለጉ። «ልጄ፣ እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ዘፈን የሰማሁት የጎረቤት ነው። አሁን መምህራኑ በስተርጅና ጭፈራ አማራት እያሉ ይስቁብኛል።»

ራሳቸውም ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ጠጋኙ የዘፈኖቹን ዝርዝር ወደ ታች አወረደው። አራተኛው ላይ ሲደርስ አወቃቸው። ለእህቱ ሠርግ አንድ በአንድ የለቀማቸው ዘፈኖች ናቸው! ጎንበስ ብሎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተመለከተ። የራሱ ቀይ ፍላሽ እንደተሰካ አለ። ይኼንን ፍላሽ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ገልብጦ ፈልጎታል፣ ሚስቱንም «ስታጸጂ ጥለሽው ነው» ብሎ አኩርፏታል።

ነገሩ ወዲያው ገባው። ኮምፒውተር ዲስኩን እንደ ኪራይ ቤት በክፍል በክፍል ይከፋፍልና ለየክፍሉ አንድ ፊደል ይሰጣል። ጠጋኙ ቅዳሜ ዕለት እዚሁ መጥቶ፣ ሲ የሚባለው ክፍል ጢም ብሎ ስለሞላ፣ ከጎረቤቱ ከዲ ላይ ቆርሶ ሲ ላይ ጨመረለት። ለመከፋፈያ የሚሆነው ፕሮግራም ያለው ፍላሹ ላይ ነበር። በመሀል ዲ ፊደሉን ሲለቅ፣ ፍላሹ ባዶ ያገኘውን ፊደል አፈፍ አደረገው። የእትዬ ፋይሎች የነበሩበት ክፍል ኢ ተባለ። የውጤት ፕሮግራሙ ደግሞ ከዲ ሌላ አያውቅም። ጠጋኙ አንዴ ፕሮግራሙን ከፍቶ ቢሞክረው ኖሮ እዚያው ያየው ነበር። ግን የሠርግ ልብሱን ሊያነሳ ቸኩሎ ሳይሞክረው ወጣ። ምን ዓይነት ግዴለሽ ነኝ አለ በሆዱ።

ኢን ከፈተው። የአሥራ አንዱ ዓመት ማህደር አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«የጥገና ኮንትራቱን ጠየቅካቸው?»

«ገና ነኝ።»

«ኧረ በናትህ ዛሬ አናግራቸው! እኔም ከሥራ ወጥቼ፣ አንተም ካላደሱልህ ምን ልንሆን ነው?»

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ዘጋው። ኮንትራቱን የሚያድሰው ያው ዲሬክተር ነው።

«ምነው፣ ጠፋ እንዴ?» አሉ እትዬ።

«አልጠፋም። ሁሉም አለ። ፊደሉ ተቀይሮ ነው።»

«እልልል!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እንባቸው መጣ። «ተመስገን! እጅህ ይባረክ! ግን ማን ቀየረው?»

ጠጋኙ ወደ ፍላሹ እጁን ዘረጋ። ሁለት ደቂቃ ቢሠራ ያልቃል። ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ለኢ የቀድሞ ፊደሉን ዲን ይመልስለታል፣ ማንም ምንም አያውቅም።

«መቼም እኔ ሳላውቅ አንዱን ነክቼው ይሆናል» አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይሁን ግዴለም። ‹በስህተት ነካሁት፣ ይቅርታ› እለዋለሁ። አምስት ወር ነው፣ ተሳቅቄም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። አንተ ብቻ መልስልኝ።»

እጁ ፍላሹ ላይ ደርሶ ነበር። መለሰው። ደክሞታል፣ ፈርቷል፣ እቤት ሄዶ ቢተኛ ደስ ባለው።

«እትዬ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ለስምንት ሩብ ጉዳይ።»

«እንግዲያው ዲሬክተሩን ይጥሩልኝ።»

«መጀመሪያ አስተካክለውና ነዋ! ይኼን ጉድ እንደገና ካየማ...»

«አይ፣ እንዳለ ይዩት» አለ ጠጋኙ፣ ዲን መልሶ እየከፈተ። «ሠላሳ ሁለቱም የእኔ ዘፈኖች ናቸው። ከእኔው አፍ ይስሙት።»