የተደፈኑት ቀዳዳዎች

መጋቢ ፒዮ ኢንሶብ ከአገልግሎት የሚሰናበቱበት እሁድ ጠዋት፣ ከዋዜማው የጀመረው ዝናብ ገና አላባራም ነበር። ሰው ሁሉ ከላይ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ወንበር ሲያስተካክል እሳቸው ብቻቸውን ታች ወርደው ድጋፍ ግንቡን ያዩታል።

ጸሎት ቤቱ ያለው በጋንግዎን ክፍለ ሀገር፣ የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ ሰው በተመናመነባት መንደር፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ግቢው እንዳይንሸራተት የያዘው ይህ ግንብ ነው። ከግንቡ ሥር የባልቴቷ የማልሱን ቤት አለ። ግንቡን የነደፉት ራሳቸው መጋቢ ናቸው። እረኛ ከመሆናቸው በፊት መሐንዲስ፣ ከዚያም በፊት በጦሩ የምህንድስና ክፍል መኮንን ነበሩ። ከኋላ ያለው አፈር የጠጣው ውሃ መውጫ አጥቶ እንዳይገፋው ግንቡን ቀዳዳ በቀዳዳ አድርገውት ነበር።

ከቀዳዳዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ የዛገ ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። ለእንግዳ አያምርም። ባለፈው ሳምንት የጸሎት ቤቱ ሴቶች ማልሱንን አስቀድመው ተነሡና ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈኑ፤ ግንቡን ነጭ ቀለም ቀብተው በሰማያዊ ፊደል «ለታማኙ እረኛችን» ብለው ጻፉበት።

መጋቢ ያን ዕለት ሲያዩት የተደፈኑትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሩ። ማልሱን መሰላል ላይ ሆና፣ አፍንጫዋ ቀለም ነክቶት፣ ቁልቁል ትስቃለች።

«እህ መጋቢ! ሙሽራ አስመሰልነው አይደል?»

«አምሯል፣ እህቴ። ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ሄዱ። ከስንብቱ በኋላ ማንም ሳይከፋው ቀዳዳዎቹን በዘዴ አስከፍታለሁ፣ ዝናቡም እስከዚያ ይታገሣል ብለው ራሳቸውን ደለሉ።

«አምሯል» ያሉት ያን ዕለት ብቻ አልነበረም። በወጣትነታቸው ድንበር አካባቢ ምክትል መቶ አለቃ ሳሉ፣ ጄኔራል ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ የጥይት መጋዘኑ ግንብ ቀዳዳዎች ተደፍነው በኖራ ተለቀለቁ። አዛዡ «እንዴት ነው መሐንዲሱ?» ሲላቸው «አምሯል ጌታዬ» አሉ። አለቃን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነበራ! ክረምቱ ሲገባ ግንቡ ዘብ በቆመው ወታደር በናም ቾልጊ ላይ ወድቆ ገደለው። የተፈጥሮ አደጋ ተባለ፤ እሳቸውም ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ ለመንገድ በሠሩት ግንብ ሁሉ ቀዳዳ ከሚፈለገው በላይ ያበዙ ነበር። በንጋት ጸሎትም ከልጆቻቸው ስም በፊት የሚመጣባቸው የቾልጊ ስም ነበር። ሰው ግን «ማዕረጉን ትቶ ጌታን የተከተለ» ሲላቸው አያርሙትም ነበር።

«መጋቢ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?» የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ታክ በጭቃው እየተንሸራተተ ወረደ። «የእንግዶቹ አውቶቡስ ደርሷል እኮ። የሕይወት ታሪክዎን የማነበው እኔ ነኝ። ወታደር፣ መሐንዲስ፣ እረኛ! ስለማመደው አድሬያለሁ።»

«ታክ፣ እስቲ ከዚህ ጥግ ሆነህ እየው።»

ታክ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። «ሆድ አውጥቷል እንዴ? ኧረ ቀለሙ ነው! እነዚህ ሴቶች ሲቀቡ አይሰስቱም።»

«ቀለም አይደለም። እንግዶቹን ወደ ላይ አታውጣ፣ ከግቢው ሰው ይውጣ፤ ለእሳት አደጋም ደውል።»

«በዛሬ ቀን?»

«ሂድ አልኩህ!» ብለው ጮኹ። ታክ እኚህ ሰው ሲጮኹ ሰምቶ አያውቅም፤ ሮጠ።

መጋቢ ሲደርሱ ማልሱን ማድ ቤቷ ውስጥ ለእንግዶቹ የኑድሉን መረቅ ጥዳለች።

«ውጪ፣ ማልሱን። አሁኑኑ።»

«ምን ሆነዋል? መረቁ ሊገነፍል ነው!»

«ይገንፍል!» እጇን ይዘው ጎተቷት።

መንገዱ ላይ ከእንግዶቹ መሐል እንደደረሱ፣ ከበስተኋላቸው አንድ መኪና ሙሉ ጠጠር የተገለበጠ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የግንቡ ወገብ ተዘርግፎ ማድ ቤቱን ከነምድጃው ቀበረው። ቀይ ውሃ በፍርስራሹ ላይ ወረደ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ከዚያ አንዷ «መጋቢ አዳኗት!» አለች፤ ሌሎቹም ቃሉን ተቀባበሉት።

ማልሱን አልጮኸችም። የተቀበረውን ማድ ቤቷን አየችና ወደ መጋቢ ዞረች።

«እንደሚወድቅ መቼ ነው ያወቁት?» አለች ቀስ ብላ።

ዛሬ ጠዋት ማለት ይችሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል፤ የሚጠይቃቸው ሌላ ሰውም የለም።

«መሰላሉ ላይ ሆነሽ ስትስቂ» አሉ።

«እና እስከ ዛሬ እዚያ ሥር ስተኛ...»

«አዎ። አውቅ ነበር።»

ማልሱን በርዷት ትንቀጠቀጣለች። መጋቢ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። እሷ ግን አወለቀችው፤ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ወጉ በሁለት እጇ መለሰችላቸው፤ ከዚያ በዝናቡ ወደ ሴቶቹ ሄደች።