ዘፋኙ የጠፋበት አምፕሊፋየር

ዳሲቱ ከቤት የወጣችው ፈየራን «ና፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ውሰድ» ብላ ልትጠራው ነበር። የተመለሰችው ግን ፈየራን ጋሪ አስገፍታ፣ ጋሪው ላይ ደግሞ ፊቱ በአቧራ የተለበጠ አሮጌ አምፕሊፋየር ከሁለት ስፒከሮች ጋር አስጭና ነው።

ሳጥኑ የባሏ የፍቅሩ ነው። ፍቅሩ ዕድሜውን በሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሠርቷል። የስኳር በሽታው ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ግን ሳጥኑን አልከፈተውም። አልጋ ሥር ገፍቶት፣ እግሩ በነካው ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። በዚያ ሰሞን «ለፈየራ ይሰጥ፤ የሚሠራበት ሰው ያግኘው» አለ። ዳሲቱ እሺ ትበል እንጂ ሆዷ እሺ አላለም። መፍቻዎቹ ከቤት ሲወጡ ፍቅሩም አብሯቸው የሚወጣ መሰላት። የሚቀርላት ግድግዳ ተደግፎ «አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

ፈየራ ቃሊቲ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ አለው። አምፕሊፋየሩን ያየችው እዚያ፣ ከተቆለሉ ራዲያተሮችና የመኪና በሮች መካከል ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አምፕ ነው እትዬ ዳሲቱ። የጃፓን፣ የድሮ። አይሠራም፤ ለብረቱ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ፍቅሩ ቢነካውስ?»

ፈየራ ሳቀ። «ጋሼ ከነኩትማ ብረት ድስትም ይዘፍናል። እሱ ድሮ ነው እንጂ።»

ያናደዳት «ድሮ» የምትለዋ ቃል ናት። ልጇ ሊዲያ አግብታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባች ጀምሮ ማንም የማይተኛበትን የብረት አልጋ በልዋጭ ሰጥታ ዕቃውን አስጫነችው።

ፍቅሩ የጋሪውን ድምፅ ሰምቶ «ሳጥኑ እዚያው አልጋው ሥር ነው» አለ። አምፕሊፋየሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት። መጀመሪያ እጁን አልዘረጋም። ከዚያ አንድ ጣቱ የድምፅ መቆጣጠሪያዋን ነካ፣ አዞራት። ሌላው እጁ ከኋላ ዞረ። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳዎቹ በኩል አሸተተው።

«ትራንስፎርመሩ አልተቃጠለም» አለ ቀስ ብሎ። «ቢቃጠል ይሸት ነበር።»

«ይሠራል ማለት ነው?» አለች ዳሲቱ።

«ማን ያየዋል? አንቺ ኤሌክትሪክ ትፈሪያለሽ፤ እኔ ዕውር ነኝ።» ከዚያ ወደ ፈየራ ድምፅ ዞረ። «እስከ ፋሲካ እንሞክረዋለን። ከዘፈነ ዘፈነ። ካልዘፈነ በማግስቱ መጥተህ እሱንም ሳጥኑንም ትወስዳለህ። ከዚያ ወዲያ እኔ በዚህ ቤት መፍቻ አልይዝም።»

ዳሲቱ ደነገጠች። ልታስቀረው የለፋችበትን ሳጥን ፍቅሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁማር አስያዘው።

ሊዲያ በስልክ ስትሰማ ጮኸች። «እማዬ፣ አልጋዬን በተበላሸ ቴፕ ለወጥሽው?»

«ቴፕ አይደለም፣ አምፕሊፋየር ነው።»

«ቤቱን ታቃጥሉታላችሁ! አባዬ አያይም። አንቺ ደግሞ ካውያ ለመሰካት እንኳ የጎማ ጫማ የምታደርጊ ሰው ነሽ!»

እውነቷን ነው። ዳሲቱ ሶኬት ስትነካ የጎማ ጫማ ታደርጋለች፣ ታማትባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። አሁንም ጫማዋን አድርጋ፣ ዕቃው ከግድግዳው የራቀ መሆኑን ደጋግማ አይታ፣ ካቻቢቴውን ያዘች። ፍቅሩ አጠገቧ ተቀምጦ በጣቱ ብሎኖቹን እያሳየ ያስፈታታል። ክዳኑ ሲነሳ የአቧራው ብዛት አስነጠሳት። በጥርስ ብሩሽ ጠረገችው። ፍቅሩ አውራ ጣቱን በውስጡ ካሉት ቆርቆሮ መሳይ ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ አሳረፈና «እነዚህ ሆዳቸው ተነፍቷል። አዲስ ይፈልጋሉ። ከላያቸው የተጻፈውን ቁጥር አንብቢልኝ» አላት።

ቁጥር ማንበብ አይከብዳትም። ፊደልም ቢሆን ደርሳበታለች። ማታ ማታ ሠፈር ካለው ትምህርት ቤት የጎልማሶች ክፍል ትገባለች። እጇ ግን ገና ነው፤ አንድ ቃል ጽፋ እስክትጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ወጥ ቤቷ ባሉት ጣሳዎች ላይ የምትጽፈው የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። ጨው «ጨ» ነው፣ ሽሮ «ሽ» ነው። ለእሷ ይበቃታል።

ከዕቃው ጀርባ ያለው የስፒከር ማሰሪያ ዝጎ ስለነበር መነሳት ነበረበት። አራት ሽቦዎች ተያይዘውበታል።

«ቀለማቸው ምን ዓይነት ነው?» አለ ፍቅሩ።

«ሁሉም ቡኒ ነው። አርጅተዋል።»

«እንግዲያው ሳትነቅያቸው ለይተሽ ምልክት አድርጊባቸው።»

ከቁስል ፕላስተር ላይ ቁራጭ ቁራጭ ቆርጣ ለጠፈችባቸውና በእስክሪብቶ ጻፈች። ሁለቱ ላይ «ቀ»፣ ሁለቱ ላይ «ግ»። ፍቅሩ ምን እንደጻፈች አልጠየቃትም።

ከዚያ ጾሙ ገባ፤ ሥራው ተጓተተ። ካፓሲተሮቹን ሊዲያ እያጉረመረመች ከመርካቶ ፈልጋ አመጣች። ብየዳውን ዳሲቱ ራሷ ሞከረችው። ፍቅሩ አንጓዋን ይይዝላታል። «ሊዱ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ ንገሪኝ» ይላታል። «አብረቀረቀ!» ስትል «አንሺ!» ይላል። የመጀመሪያው ብየዳ የዶሮ ኩስ መሰለ፤ አስፈርሶ እንደገና አሠራት። ቀስ በቀስ እሱም ተለወጠ። ጠዋት ሲነሳ የሚጠይቀው ሰዓት ሳይሆን «ፒንሳውን የት አስቀመጥሽው?» ሆነ።

ዕቃው ሊያልቅ ሲል ፍቅሩ አላስችል አለው። «ለሙከራ ያህል አንድ ዘፈን...»

«በጾም? በእኔ ቤት? ፋሲካ ይግባ!»

«ሙከራ እኮ ነው።»

«ሙከራውም ዘፈን ነው።»

የመጨረሻው ሥራ ሽቦዎቹን ከአዲሱ ማሰሪያ ጋር ማገናኘት ነበር። «ምን ብለሽ ጽፈሽባቸዋል?» አላት።

«ሁለቱ ቀ ናቸው፤ ሁለቱ ግ።»

ፊቱ በራ። «ጎበዝ! እንደ ባለሙያ ነው ምልክት ያደረግሽው። ቀይና ግራውንድ፤ ቀዩ ድምፁን ያመጣል፣ ግራውንዱ ይመልሰዋል። ቀ የሚለውን ለእያንዳንዱ ስፒከር አንድ አንድ ከላይ እሰሪ፤ ግ የሚለውን ከታች።»

«ግራውንድ» የሚለውን ቃል ዳሲቱ አታውቀውም። ስትጽፍ ምን አስባ እንደነበርም ከአእምሮዋ ወጥቷል። ነገር ግን ባሏ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ «ጎበዝ» ካላት ቆይቷል። እንዳላት አሰረች።

ፋሲካ ሆነ፤ ሊዲያም ለበዓሉ መጣች። ከምሳ በኋላ ፍቅሩ ከድሮ ካሴቶቹ አንዱን በጣቱ ለይቶ አወጣና ከአምፕሊፋየሩ ጋር ባያያዙት ማጫወቻ ውስጥ ጨመረው። ዳሲቱ አማትባ ሰካችው። መብራቷ ቦግ አለች። ጭስ የለም፣ እሳት የለም። ሊዲያ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

ከቀኙ ስፒከር ከበሮ ሳሳ ብሎ ተሰማ፤ ክራርም ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሆኖ መጣ። ግራው ስፒከር ጸጥ አለ። ዘፋኙ የለም። መግቢያው አልቆ ግጥሙ መጀመር ያለበት ቦታ ደረሰ፤ ባዶ። ሙዚቃው ይሄዳል፣ ሰውየው ግን ከመካከሉ ተነቅሎ ወጥቷል።

«ዘፋኙስ?» አለች ሊዲያ። «ፋሲካ ሊጠይቅ ሄደ?»

ፍቅሩ ጆሮውን ዝም ወዳለው ስፒከር አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ማጫወቻውን አጠፋ።

«አንዱ ጎን ሞቷል። ቦርዱ ነው። ይሄን የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል» አለ። ሳጥኑን ስቦ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ አስገባቸው። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን። ዳሲቱ «እጄ አበላሽቶት ይሆናል» ብትለው «እጅሽ ምንም አላጠፋም» አላት ብቻ። ክዳኑን ዘጋና አልጋው ሥር መልሶ ገፋው።

በማግስቱ ጠዋት ፈየራ እንደሚመጣ እያሰበች የቁርስ ሰሃን ሁለት ጊዜ አጠበች። ሊዲያ ለአባቷ የአጃ አጥሚት ሠርታ ይዛለት ገባች። ፍቅሩ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሬት አጠጣሽኝ እኮ!»

«አጃ ነው አባዬ!»

ዳሲቱ በማንኪያ ቀምሳ ተፋችው። «አብሽ ነው!»

«እንዴት አብሽ ይሆናል? ጣሳው ላይ አ ይላል፤ አ አጃ ነው።»

«አ አብሽ ነው እንጂ! አጃው ያለው በላስቲክ ነው!»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቀው? አንድ ፊደል ጽፈሽ የቀረውን በህልም...»

ዳሲቱ የቀረውን አልሰማችም። ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አንድ ፊደል፣ ሁለት ቃል። አ ለልጇ አጃ ነው፣ ለእሷ አብሽ። «ቀ»ስ?

«ፍቅሩ!» ብላ ጮኸች። «ቀ ቀይ አይደለም!»

«ምን?»

«ቀ ቀይ አይደለም፤ ቀኝ ነው! ከቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ቀ፣ ከግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ግ። ቀኝና ግራ ብዬ ነው የጻፍኩት! ሁሉም ቡኒ ነው ብዬህ፣ ቀይ ከየት ይመጣል?»

«ግ ግራውንድ አይደለም?»

«ግራውንድ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም!»

ከደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ። ዳሲቱ የሚያስለው መስሏት ልትደግፈው ሮጠች። እየሳቀ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማችውም።

«ዘፋኙ የተቀዳው በቀኝም በግራም እኩል ነው» አለ እንባውን እየጠረገ። «እኛ አንዱን ስፒከር በቀኙና በግራው የድምፅ ሽቦ መካከል ሰነቀርነው። ቀኙ ግራውን አጠፋው፤ እኩል የሆነው ሁሉ ተጣፍቶ ሰውየው ተበላ። ለሌላው ስፒከር ደግሞ የተረፉትን ሁለት ግራውንዶች ሰጠነው፤ በምን ይናገር? ቦርዱ ደህና ነው ዳሲ! ሳጥኑን አምጪ!»

ሳጥኑን ያመጣችው ዳሲቱ አይደለችም። ሊዲያ አልጋው ሥር ገብታ ጎትታ አወጣችው።

ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ እንደሆነ ፍቅሩ ጠይቆ፣ ዳሲቱ ሄዳ አይታ፣ ክዳኑ ተከፈተ። ፍቅሩ ከሁለቱ ቀኝ ሽቦዎች የትኛው ግራውንድ እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ አስረዳት። «እስከ መጨረሻው በጣትሽ ተከተዪው። ከብረቱ አካል ጋር የተበየደው እሱ ነው።» ተከተለችው። አገኘችው። የግራውንም አገኘች። ፕላስተሮቹን ላጠችና በአዲስ ቁራጭ ላይ እያንዳንዱን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ማንም አላጣደፋትም።

ከማሰሪያው የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ፈየራ ነው፤ ጋሪውን ደጅ አቁሟል።

«እንኳን አደረሳችሁ። ጋሼ፣ በቃላችን መሠረት...»

«ተቀመጥ» አለው ፍቅሩ።

«ሳጥኑን ብቻ ላንሳና...»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

ፈየራ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዳሲቱ ሶኬቱን ሰካች። ማማተቧን ረስታ ነበር፤ ከሰካች በኋላ ትዝ አላትና አማተበች። ፍቅሩ የካሴቱን ቁልፍ ተጫነ።

ከበሮው መጣ፤ አሁን ከሆድ የሚወጣ፣ ወለሉን የሚነካ ከበሮ። ክራሩ በግራ በኩል ብቻውን ቆሞ ጠራ። መግቢያው አለቀ። ከዚያ ከሁለቱም ስፒከሮች ሳይሆን ከመካከላቸው፣ የቀን መቁጠሪያው ከተሰቀለበት ባዶ ግድግዳ፣ ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ መዝፈን ጀመረ።

ሊዲያ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ። ፈየራ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የቀን መቁጠሪያውን ገለጥ አድርጎ ከኋላው ተመለከተ።

«እዚህ ጋ ሦስተኛ ስፒከር አለ እንዴ?»

«የለም» አለች ዳሲቱ።

«ታዲያ ሰውየው የት ነው ያለው?»

«ቦታው ላይ» አለው ፍቅሩ እየሳቀ። «የሠራችው እሷ ናት። እኔ ወሬ ብቻ ነው ያወራሁት።»

ፈየራ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። ከዚያ አንገቱን እያከከ «እንግዲህ ሳጥኑን...» አለ።

«የትኛውን ሳጥን?»

«ተወው በቃ ጋሼ፣ ገባኝ። ግን ግቢዬ ውስጥ ሌላ አለኝ። ሲበራ እንደ ንብ ጢዝ ይላል። ላምጣው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባለሙያዋን ጠይቃት» አለ ፍቅሩ።

ፈየራ ወደ ዳሲቱ ዞረ። ዳሲቱ የጎማ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ካቻቢቴው በእጇ እንዳለ ቆማለች። ኤሌክትሪኩ፣ ብየዳው፣ የሊዲያ ጩኸት፣ የሚቃጠል ቤት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በአእምሮዋ አለፉ።

«አምጣው» አለች።

ፍቅሩ ግድግዳውን እየዳሰሰ ከወንበሩ ተነሳ። ወንበሩ ከሁለቱ ስፒከሮች ፊት ለፊት፣ በትክክል መካከላቸው ላይ ነው። የዳሲቱን ትከሻ ፈልጎ አገኘና ገፋ አድርጎ እዚያው ላይ አስቀመጣት።

«ከዳር ሆነሽ አልሰማሽውም» አላት። «ከዚህ ስሚው።»

ካሴቱን መልሶ ከመጀመሪያው አስነሳው። ፈየራ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሲወጣ ዘፈኑ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘው።