አርባ ደቂቃ ጭን ላይ

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የግዢ ኃላፊዋ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና ፎቶ አነሳችው።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አዲሱን ላፕቶፕ ወደ ኋላ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ስክሪኑን በጣቱ እየነካካ መኪና ይነዳ ነበር። ቀይ መኪና፣ ዝናብ ላይ።

"እሰይ!" አለች ስልኳን ዝቅ አድርጋ። "እኛ በጀት ሊዘጋብን ነው ብለን እንራወጣለን፣ አንተ እዚህ ሽርሽር ላይ ነህ?"

"ፈተና ላይ ነኝ" አለ ዓይኑን ሳይነቅል። "አምስት ደቂቃ ይቀረኛል፣ አያስቁሙኝ።"

"ስንተኛ ወጣህ?"

"አራተኛ። ግን እሱ አይደለም ቁም ነገሩ..."

ሳቋ ከኮሪደሩ መጨረሻ ይሰማ ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ "አቶ ግን" ነበር የሚሉት። ከእጁ የወጣ ሪፖርት ሁሉ መሃሉ ላይ አንድ "ግን" አያጣም። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የተበላሸውን ይጠግናል፣ ሊገዛ የታሰበውን ቀድሞ ይፈትናል። ይኼኛው ለቀያሾች ሊገዙ የታሰቡት የስልሳ ላፕቶፖች ናሙና ነው። ቀያሾቹ ቀኑን ሙሉ መሬት ሲለኩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ጠረጴዛ የላቸውም። ስለዚህ ሲዘረጋ ላፕቶፕ፣ ሲታጠፍ ታብሌት የሚሆን ትንሽ ዕቃ ተጠየቀ። አቅራቢው ያመጣው ካርቶን ላይ በትልቁ "ለሥራም ለጨዋታም" ተብሎ ተጽፎበታል።

ዕቃው ክፉ አልነበረም። ለሦስት ቀን አብሮት ሲውል ወዶት ነበር። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል። ኪቦርዱ ጣት አያደናቅፍም፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይም ይነበባል፣ እስክሪብቶው ያለማንገራገር ይጽፋል። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያን የመኪና ጨዋታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ እንከን አጫወተው።

ጨዋታውን የመረጠው ወዶ አይደለም። ቀያሾቹ የሚሠሩበት ከባድ የካርታ ፕሮግራም ገና አልተገዛም፤ "መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይግባ" ተብሎ ታልፏል። ስለዚህ የዚያን ያህል ማሽኑን የሚያስጨንቅ ነገር ፈለገና ጨዋታ ጫነ። ከዚያ ቀያሾቹ እንደሚይዙት አጥፎ ያዘው። ሲታጠፍ የስክሪኑ ጀርባ ከላፕቶፑ ሆድ ጋር ይገጥማል። የአየር መውጫው ደግሞ ያለው ሆዱ ላይ ነው። በሠላሳኛው ደቂቃ መኪናው እየተቆራረጠ መሄድ ጀመረ። በአርባኛው ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ወረደ፣ እሱም ጭኑን አላስችል ብሎት ብድግ አለ።

ለማረጋገጥ አንድ አንጋፋ ቀያሽ ጠርቶ ያንኑ ዕቃ እንደታጠፈ አስይዞት ግቢውን አዞረው። ሰውዬው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያቀያየረው መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ካውያ ነው ወይስ ኮምፒውተር?"

"ለሥራም ለጨዋታም ነው የሚለው፣ ጋሼ።"

"ለመተኮስም ጨምርበት!"

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። የግዢ ኃላፊዋ ፎቶውን በትልቁ ስክሪን ላይ ለቀቀችው። እግሩን ዘርግቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ መኪና ሲያጥፍ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁም ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ለፈተና ነው" አለ። "ያጠፋሁት ነገር ካለ ይነገረኝ። ይኼ ማሽን ሜዳ ላይ አይሆንም። ይግላል፣ ሲግል ይፈዛል። ቀያሽ ለክቶ ሳይጨርስ..."

"በጨዋታ ተለክቶ ነው ሜዳ ላይ አይሆንም የሚባለው?" አለች ኃላፊዋ። "ደግሞስ ማን ቀያሽ ነው መኪና የሚነዳበት?"

ዳግመኛ ተሳቀ። አንጋፋው ቀያሽ ወደ ስብሰባው አልተጠራም ነበር።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። አሁን አትስቅም።

"ስማኝ፣ ወንድሜ። በጀቱ አርብ ይዘጋል። ካልገዛን ይመለሳል፣ ቀያሾቹ ዓመቱን ሙሉ በወረቀት ሊቀጥሉ ነው። ለእነሱ አስበህ ነው አይደል? እንግዲያው አንድ መስመር ብቻ ነው የምለምንህ። 'በካርታ ፕሮግራም ተፈትኖ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል' በልና ፈርም።"

"ፕሮግራሙ እኮ የለም!"

"ሲመጣ ይኖራል።"

"ያልነካሁትን ነካሁ ልበል?"

"የአንተም ውል በዚህ ወር ነው የሚያልቀው መሰለኝ" አለችና ቅጹን እጁ ላይ ትታለት ሄደች።

ማታ ሱሪውን ሲቀይር ሚስቱ ጭኑ ላይ የመጽሐፍ ያህል የቀላ ቦታ አየች።

"ምን ነክቶህ ነው?"

ነገራት። ስትሰማ ቆይታ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ አመጣች።

"የሷ ጭን ላይ ነበር ማስቀመጥ።"

"ፈርም ነው የምትለኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምን ልበልህ? የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ። ፈርም ብልህ ዕድሜህን ሙሉ ስትብሰለሰል አብሬህ ልኖር ነው። አትፈርም ብልህ ደግሞ..." ፎጣውን ገለበጠችው። "ግን የሳቁብህ ሰዎች አንዳቸውም ጭናቸው አልተቃጠለም። እሱ ነው የሚያናድደኝ።"

እሱንም ያንገበገበው ያ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በሠራበት ሙያ የዚያን ዕለት ጠዋት የሠራውን ያህል በጥንቃቄ የሠራው ሥራ የለም። የሳቁበት ደግሞ በሱ ነው። የዋሸውን ሳይሆን የሠራውን ደብቅ ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከፊርማው ቦታ በስተቀር ሁሉም በኮምፒውተር ተሞልቷል። "የተፈተነበት መንገድ" በሚለው ፊት ለፊት "የካርታ ፕሮግራም" ይላል። ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ጨዋታ የሚለውን ቃል ትቶ "በከባድ ፕሮግራም" ቢል ውሸትም አይሆንም፣ ማንም አይስቅበትም። እስክሪብቶውን አንስቶ "ከባድ" ብሎ ጀመረና አቆመ።

የተጻፈውን ሁሉ በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ በእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉን አሳምሮ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የመኪና ውድድር ጨዋታ፣ አርባ ደቂቃ፣ ታጥፎ ጭን ላይ። ለጠረጴዛ ሥራ ጥሩ ነው። እየተዘዋወረ ለሚሠራ ሰው አይሆንም።" ከዚያ ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመና ራሱ ወስዶ የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

ሐሙስ ዕለት በሌላ ቅጽ ላይ የመጋዘን ኃላፊው ፈረመና ስልሳዎቹ ተገዙ። የእሱ ውል በወሩ መጨረሻ ሳይታደስ ቀረ።